ከአስናቀች ቀጥሎ

አምሳለች ስልኩን መዝጋት ባትረሳ ኖሮ አስናቀች ያን ሁሉ ነገር ባልሰማች ነበር። ጠዋት ነው፤ ሞጣ፣ ልጇ ቤት፣ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ስታጣጥፍ ተደወለላት። «እትዬ፣ እንዴት አደርሽ? ለማኅበሩ ስትይ በዚህ መንገድ እንዳትንገላቺ። እዚያው እረፊ፤ ሚካኤል እንደሆነ ልብን ያያል» አለቻት ታናሽ እህቷ ከብቸና። አስናቀች «ኧረ እመጣለሁ፤ ደሜን ሰጥቼ ወዲያው እነሣለሁ» ብላ ስልኩን ከጆሮዋ ልታወርድ ስትል የእህቷ ድምፅ ቀጠለ። አሁን የምታወራው ግን ለእሷ አልነበረም፤ እዚያ ማጀት አብራት ሽንኩርት ለምትከትፈው ለጎረቤቷ ለውበቴ ነበር። «አልቀርም አለች! ጽዋው እሷን ይለፋትና ለባንቺዓለም ይሰጥ ብዬ ለማኅበሩ ሙሴ ነግሬዋለሁ። ሚካኤልን፣ ክፋት አይደለም! ደሟ ውስጥ የሚራባ ነገር ነው የከተቱባት። ልጇ እፀገነት በገዛ አፏ ነግራኛለች፤ ይኼ ክትባት ራሱን በራሱ ያባዛል አለችኝ። እርሾ በይው እንግዲህ። አንድ ጽዋ ለሁላችን፣ ከከንፈሯ ወደ ከንፈራችን…» ቀጥላም ስለ ታላቅ እህቷ ብዙ አወራች፤ ደግነቷን፣ ግትርነቷን፣ በልጅነታቸው ወንዝ ሲሻገሩ አዝላት እንደነበር፣ ዛሬ ደግሞ ምን ነክቷት ክንዷን ለሐኪም እንደሰጠች። አስናቀች ስልኩን ራሷ መዝጋት ትችል ነበር። አልዘጋችውም።

የጽዋ ማኅበር ባለበት አገር ያደገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠይቅም። ወር በገባ በዐሥራ ሁለት ማኅበርተኛው በአንዱ ቤት ይሰበሰባል፤ ቄሱ ይባርካሉ፤ ከአንዲቱ ጽዋ ሁሉም ይጎነጫል፤ ሲበቃ ጽዋዋ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ ለባለ ተራው ትሰጥና ባለ ተራው በእልልታ ይሸኛል። የዛሬዋ አስረካቢ አምሳለች፣ ተረካቢዋ አስናቀች ነበረች። መዘለሉ ደግሞ ለአስናቀች እንደ ሌላው ሰው አይሆንላትም። ጽዋዋ ለመጨረሻ ጊዜ እሷ ቤት የዋለችው በኮሮናው ዓመት ነበር፤ በዚያው ሰሞን የአምሳለች ባል ገብረ ማርያም መተንፈስ አቅቶት ሞተ። ማኅበሩ ተበተነ። ሲመለስም ሰዉ የየራሱን ብርጭቆ በፌስታል አንጠልጥሎ ይመጣ ጀመር፤ ወደ አንድ ጽዋ ከተመለሱ ገና ዓመት አልሞላቸውም። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሁለቱ እህትማማቾች ስለዚያች ቀን አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። ስለ ዘይት ዋጋ፣ ስለሚያፈስ ጣራ፣ ስለ ጎረቤት ልጅ ሠርግ ሲያወሩ ይውሉና ነገሩ ወደ ገብረ ማርያም ጠጋ ሲል አንዷ ተነሥታ ደጅ የተሰጣ እህል ታያለች። አስናቀች ጽዋዋን ተቀብላ ቤቷ ብትገባ ያ ዝምታ የሚያበቃ ይመስላት ነበር። ዘልላት ካለፈች ግን ገብረ ማርያምን የገደለው የአንቺ ቤት ጽዋ ነው ተብሎ በአደባባይ እንደተፈረደባት ነው የምትቆጥረው።

ልጇ እፀገነት የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። የአዲሱ ክትባት ጥናት የሚካሄድባት የሆስፒታል ክፍል ጠባብ ናት፤ ግድግዳው ላይ የባንክ ካላንደር፣ ጥግ ላይ መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር የሚያጓራ ፍሪጅ፣ መሀል ላይ እጀታዋ ወልቆ በፕላስተር የተጠገነች ወንበር። አስናቀች እዚያች ወንበር ላይ እጅጌዋን ሰብስባ ተቀመጠች። ከመስቀል በፊት እዚችው ክፍል ነበር ለኮሮና የተሠራውን አዲሱን ክትባት በፈቃዷ የተወጋችው፤ ዛሬ የተቀጠረችው ደሟ እንዲታይ ነው። መርፌው ሲገባ ፊቷን ወደ ካላንደሩ አዙራ፣ እንዲያው እንደ ዋዛ አድርጋ ጠየቀች።

«እንዲያው ይኼ የወጋችሁኝ ነገር ከእኔ ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል እንዴ?»

«ማነው ያለው?»

«ማንም አላለ። ማወቅ ነውር ነው?»

እፀገነት ደሙ ወደ ብልቃጡ ሲወርድ እያየች አስረዳቻት። የተወጋችው በሽታ ሳይሆን መልእክት ነው፤ የበሽታውን አንዲት ምልክት የሚናገር። ሴል ውስጥ ይገባና ራሱን እየደጋገመ ይገለብጣል፤ ትንሹ መድኃኒት ብዙ እንዲሠራ የተዘየደ ዘዴ ነው። ጥቂት ቆይቶ ይፈርሳል። ከሰው ወደ ሰው የሚሄድበት እግር የለውም፤ በምራቅም በትንፋሽም አይወጣም። የሚቀሩት ያንን ምልክት ያዩት የሰውነት ጠባቂዎች ናቸው፤ ቲ ሴል ይባላሉ። በሽታው የመጣ ዕለት የገባበትን ሴል ለይተው ያጠፉታል። «በሽታው ጭራሽ አይነካሽም ማለት አይደለም» አለች፤ «ቢነካሽም አልጋ ላይ እንዳይጥልሽ ነው። ዛሬ ደምሽን የወሰድነውም እነሱን ለማየት ነው።»

አስናቀች አሰበች። አባቷ እዚያው ብቸና አካባቢ ጉባኤ ዘርግተው ቅኔ ያስተምሩ ነበር፤ በልጅነቷ ከአጥሩ ሥር ተቀምጣ ስትሰማ ያደገችው ነገር አለ። «እንደ አባቴ ጉባኤ አስነጋሪ ነዋ» አለች። «የኔታ አንድ ጊዜ የተናገሩትን አስነጋሪው ለተማሪው ሁሉ እየደጋገመ ያስጠናል። እሱ ቢሄድም ትምህርቱ ከተማሪው ጋር ይቀራል።»

«አዎ፤ ግን ያንቺ አስነጋሪ ከጉባኤ ቤቱ አይወጣም። እዚያው ነው የሚያልቀው።»

«ነፍስ ይማር» አለች አስናቀች፤ እፀገነት እየሳቀች ጥጡን ክንዷ ላይ ጫነችላት።

«ለአክስትሽ ታዲያ ምን ብለሽ ነው የነገርሻት?»

«ራሱን በራሱ ያባዛል አልኳት። ደስ ብሎኝ እኮ ነው፣ እማዬ፤ እንዲህ ያለ ነገር እኛ አገር ሲመጣ!»

«የቀረውንስ?»

እፀገነት ፊቷ ቀላ። «የቀረውን ልነግራት ስል ካርድ አለቀብኝ። ከዚያ ሥራ በዛና ተረሳኝ።»

የአንዷ ስልክ በጊዜ አልተዘጋ፣ የአንዷ ያለ ጊዜው ተዘጋ፣ መሀል ላይ አስናቀች። እፀገነት «ደውዬ ላስረዳት?» ብትላት «ተዪው፣ በአፌ እነግራታለሁ» ብላ ለእህቷ የገዛችውን የሞጣ ማር አንጠልጥላ ወደ መናኸሪያ ወጣች።

መናኸሪያው ውስጥ ሰዉ ከታሪፉ በፊት የሚጠይቀው «መንገዱ ሰላም ነው?» ብሎ ነው። ሰላም ነው ተባለ፤ ሚኒባሱም ሞልቶ፣ ከሞላ በኋላም ሌላ ሰው ጭኖ ተነሣ። ከጎኗ የተቀመጠችው ሴት የቀይ ሽንኩርት ነጋዴ ናት፤ ሽንኩርት ሲወደድም ሲረክስም የሚያስለቅሰው እሷን መሆኑን እስከ መንገዱ እኩሌታ ድረስ ተረከች። አስናቀች ማሩን ጭኗ ላይ አቅፋ «ውነትሽን ነው» እያለች ልቧ ሌላ ቦታ ነበር። እስከ ጉንደ ወይን ድረስ ተናደደች፤ እህቷን በሰው ፊት ልታዋርዳት የምትናገረውን ቃል አሰማምራ ጨረሰች። ከጉንደ ወይን እስከ ደብረ ወርቅ አዘነች፤ ያሰማመረችው ቃል ሁሉ በገብረ ማርያም ሬሳ ላይ ደረቷን ስትደቃ በነበረችው አምሳለች ፊት የሚነገር ሆኖ አላገኘችውም። ከደብረ ወርቅ ወዲያ ደግሞ ራባት። ማሳው ሁሉ ጤፍ ነበር፤ ገና ያልደረቀ ቢጫ፣ ነፋስ ሲነካው ወደ አንድ ወገን የሚተኛ። ዝናቡ በደግ ጊዜ ነው የወጣው፤ ዘንድሮ እህል ይኖራል አለች የሽንኩርቷ ሴት፤ አስናቀችም ሳታስበው ደስ አላት።

ከብቸና መናኸሪያ ባጃጅ ይዛ እህቷ ደጅ ስትደርስ ማኅበሩ ተቀምጧል። የአምሳለች ሳሎን ትንሽ ናት፤ ለድግስ ሲሆን ሶፋው ወጥቶ ከጎረቤት የተዋሰ አግዳሚ ይደረደርባታል፤ ቴሌቪዥኑ ጥልፍ ለብሶ ይቀመጣል፤ ከበላዩ ገብረ ማርያም በጥቁር ኮት፣ ፎቶ አንሺው ሳቅ በሉ ቢለው እምቢ ያለ በሚመስል ፊት ሁሉንም ከላይ ያያል። ከሥዕለ አድኅኖው ሥር ቄሱ አባ ገብረ ሚካኤል፣ ቀጥሎ የማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴው አቶ ቢያዝን፤ ከዚያ ወዲህ ሌላው ሰው ተጠጋግቷል። በሩ አጠገብ አንድ አግዳሚ ባዶውን ቆይቷታል፤ ፊት ለፊቱ በርጩማ ላይ አንድ የሚጣል የፕላስቲክ ብርጭቆ ጠላ ተሞልቶ ተቀምጧል። ሌላው ሁሉ በጣሳና በዋንጫ ሲጠጣ ፕላስቲኩ አንድ ብቻ ነበር። አምሳለች ከጓዳ ብቅ አለች፤ እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ልትስማት መጣችና አጠገቧ ስትደርስ በጭንቅላቷ ብቻ ሰላምታ ሰጥታ ማሩን ተቀበለቻት። «ደከመሽ?» አለቻት። «ራበኝ እንጂ» አለች አስናቀች። ከብርጭቆዋ ተጎነጨች፤ ጠላው መልካም ነበር።

አንድ ያልገባት ነገር ቢኖር የጋሽ ፋንታ ሁኔታ ነው። ጋሽ ፋንታ የጡረታ መምህር ናቸው፤ በዕድሜም በማዕረግም አባ ገብረ ሚካኤል አጠገብ የሚቀመጡ ሰው ናቸው። አሁን ግን ተነሥተው፣ ምርኩዛቸውን እያንኳኩ መጥተው እሷ አጠገብ ተቀመጡ። ጥቂት ቆይቶ ባንቺዓለም፣ የገበያ መንገድ ላይ ጨርቅ የምትሸጠዋ ወፍራሟ ሴት፣ «እዚያ ሞቀኝ» ብላ ከጋሽ ፋንታ ቀጥሎ አግዳሚውን አስጮኸችው። ሌሎች ሁለት ሦስት ሰዎችም ሞቃቸው። በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ሲሞላ ከወዲያ ያሉት ይበልጥ ወደ ግድግዳው ሸሹ፤ ሳሎኗ መሀሏ ባዶ ሆነ።

ጸሎቱ ደርሶ፣ ዳቦው ተባርኮ ሲቆረስ ሙሴው ቢያዝን ጉሮሮውን ጠረገ። ቢያዝን ሰው ማስቀየም አይወድም፤ ስለዚህ ነገሩን ከሩቅ ነው የጀመረው፤ ስለ ፍቅር፣ ስለ ማኅበሩ ዕድሜ፣ ስለ ጤና ሚኒስቴር። «…እንግዲህ እትዬ አስናቀች ከሕክምና ስለመጡ እንዲያርፉ፤ ለዛሬ ጽዋው እሳቸው ጋ ሳይደርስ እንዲዞር፣ ተራውንም ባንቺዓለም እንድትወስድ…»

«አይሆንም!» አሉ ጋሽ ፋንታ ምርኩዛቸውን መሬት መትተው። አስናቀች ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ሰው አለኝ አለች በልቧ። ጋሽ ፋንታ ቀጠሉ፦ «እኔ ሞጣ ድረስ ሄጄ ዕድሜዎ አልፏል ተብዬ ተመልሻለሁ። ሳንባ ለወጣት ብቻ ነው እንዴ የተሰጠው? ይኼ መድኃኒት ራሱን የሚያባዛ ከሆነ፣ እርሾ ከጎረቤት አይወሰድም? እሷ ትጠጣ፤ እኔ ከእሷ ቀጥሎ እጠጣለሁ። ያልፈለገ ይቅርበት!»

«እኔ ከጋሼ ቀጥሎ ነኝ!» አለች ባንቺዓለም። «ተራውም ይቅርብኝ፤ ብቻ ከጋሼ ቀጥሎ።»

ሳሎኗ ታመሰች። ከግድግዳው ወገን «በሽታ ነው!» ከበሩ ወገን «መድኃኒት ነው!» ሆነ። አንዱ ከወዲያ ተነሥቶ ወደ ወዲህ ተሻገረ፤ ነገሩ ካልቀረ ማትረፍ ይሻላል ያለ ይመስላል። አባ ገብረ ሚካኤል መስቀላቸውን አነሡና «እጅ አውጡ፤ እንዲህ ከመጯጯህ ይሻላል» አሉ። ጽዋው በአስናቀች በኩል ይዙር የሚል እጅ ሲወጣ የበሩ ወገን በለጠ። አለቀ። ጽዋው የእሷ ነው፤ ዝም ማለት ብቻ ነበረባት።

አስናቀች እህቷን አየቻት። አምሳለች ጓዳው በር ላይ ቆማ ጽዋዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛለች፤ የተቆጣች ሰው ፊት አልነበራትም፣ የፈራች ልጅ ፊት ነበራት። በልጅነታቸው ወንዝ ሲሻገሩ አምሳለች ጀርባዋ ላይ ሆና አንገቷን የምታቅፋት እንዲህ ፈርታ ነበር። አስናቀች ይህንን ጽዋ እንዲህ አድርጋ ብትወስደው ለዘላለም የሚጎመዝዝ መሆኑን ያን ጊዜ ዐወቀች።

«ጋሽ ፋንታ፣ አይቀየሙኝ» አለች። «ከእኔ ቀጥለው ቢጠጡ የሚያገኙት ጠላ ብቻ ነው።»

«እንዴት?»

«አይተላለፍማ! ለክፉም ለደጉም አይተላለፍ። ዛሬ ጠዋት ጠይቄ ነው የመጣሁ። እዚሁ ሰውነቴ ውስጥ ያባዛውን አባዝቶ ያልቃል። የኔታ ቤት አስነጋሪ እንዳለው ነው፤ አስነግሮ ሲጨርስ ያበቃለታል፤ የሚቀረው ተማሪው የያዘው ነው። እሱን ደግሞ ከሰው ራስ ላይ ቀድቶ የሚጠጣ የለም።»

የወጡት እጆች አንድ በአንድ ወረዱ። ጋሽ ፋንታ ከባንቺዓለም ጋር ተያዩ፤ ባንቺዓለም «እንግዲያ እዚህ በር ላይ በነፋስ ምን ያስመታናል?» አለች። ሰው ሁሉ ይስቅ ነበር፤ አምሳለች ግን ተናገረች፦

«ያን ጊዜም ምንም የለም ተብለን ጠጣን።»

ሳቁ ቆመ። ሁሉም ወደ ገብረ ማርያም ፎቶ አየ፤ ከዚያ መሬቱን አየ። ስንት ዓመት ተቆልፎበት የነበረ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ወጣ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ አምሳለች እባቡን አይታለች፤ በልጥ ብትበረይ ማን ይፈርድባታል?

አስናቀች ከአግዳሚው ተነሣች። «ከየት እንደያዘው እኔም አላውቅ፣ አንቺም አታውቂ፤ ከጽዋው ይሁን ከገበያው እግዜር ነው የሚያውቀው። ግን አምስዬ፣ አንድ ቀን ሳላስበው ውዬ አላውቅም። ክንዴን የሰጠሁት ሌላ ጉዳይ ኖሮኝ ይመስልሻል? ጽዋዋ ዳግመኛ ቤቴ ስትመጣ አንቺ ሳትፈሪኝ እንድትገቢ ብዬ ነው። ዛሬም ከፈራሽኝ ለባንቺዓለም ስጫት። ከፈራችኝ እህቴ የወሰድኩት ጽዋ አይረባኝም።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አሉ አባ ገብረ ሚካኤል ቀስ ብለው፤ ሲናገሩ ግን ማንንም አላዩም።

አምሳለች ጽዋዋን ለሙሴው ሰጠችው። ባዶውን መሀል አቋርጣ መጣች። በርጩማው ላይ ያለውን የፕላስቲክ ብርጭቆ አነሣች፤ አስናቀች እኩሌታውን ጠጥታለች። ቀሪውን ሳትተነፍስ ጨለጠችው፤ አተላውን ጭምር። ከዚያ ብርጭቆውን በእጇ ጨምድዳ «ይኼን ያቀረብኩልሽ እጄን ይቁረጠው» አለችና እህቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። እልልታውን የጀመረችው ባንቺዓለም ናት።

«አምሳለች!» ብለው ጮሁ ጋሽ ፋንታ፤ «ከእሷ ቀጥሎ እኔ ነበርኩ እኮ!»

«ጋሼ፣ አይተላለፍም ተባለ እኮ!»

«ተባለ፤ ግን ለጥንቃቄ!»

አባ ገብረ ሚካኤል ሳቃቸው ቆቡን አነቃነቀው። ጽዋዋ ዞረች፤ ከአስናቀች ቀጥሎ ጋሽ ፋንታ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከወትሮው ረዘም አድርገው ተጎነጩ። ከግድግዳው ወገንም ያለፋት የለም። ጥቂቶቹ ከንፈራቸውን ብቻ አስነክተዋታል፤ ይህም ለመጀመሪያ ቀን ይበቃል።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጽዋዋ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ ለአስናቀች ተሰጠች። «ለከርሞ ያድርሰን» ተባባሉ፤ እስከ ደጅ ሸኟት። ከደጅ ወዲያ ያለውን መንገድ ግን አምሳለች የጽዋዋን መሸኛ ጧፍ ይዛ ብቻዋን ሸኘቻት። የሁለቱ ቤት ሩቅ አይደለም፤ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ወፍጮ ቤት፣ ከዚያ የአስናቀች ቆርቆሮ አጥር ነው። ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርሱ አምሳለች ቀጥ ብላ ቆመች።

«እትዬ፣ ጠዋት ስልኩን… ዘግቼው ነበር?»

«አልዘጋሽውም።»

«ሰማሽ?»

«ሽንኩርቱ እስኪበስል ሰማሁሽ።»

አምሳለች ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ምነው አንቺ እንኳ ብትዘጊው!»

«እንዴት አድርጌ ልዝጋው?» አለች አስናቀች። «ገብረ ማርያም ከሞተ ወዲህ ስለ እኔ ይህን ያህል ስታወሪ ሰምቼሽ አላውቅም። ወንዙን እንኳ አልረሳሽውም።»

የአስናቀች ሁለቱም እጆች ጽዋዋን ስለያዙ እንባዋን መጥረግ አልቻለችም። በነጠላዋ ጫፍ የጠረገችላት አምሳለች ናት።